ሾፌር ቁጥር 2

ባለፈው ወር አንድ ማታ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። «የሚቀርጸኝ ሰው አጥቼ ነው፤ ብቅ ብትልልኝ» አለኝ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። አገር ቤት ፊቱን የማያውቅ አልነበረም። ስሙን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዘበኛ ሆኖ የሚተውነው ሰውዬ ነው። ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ። ገና «ማነው?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። በር በከፈተ ቁጥር ደግሞ አንገቱን አስግጎ መንገዱን ግራ ቀኝ የሚያይባት ነገር ነበረችው። እሷን ስናይ ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው።

አሁን የሚኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ቀን ኡበር ይነዳል፣ ማታ ለኦዲሽን ይቀረጻል። እዚህ ለትንንሽ ሚና ሰው ፊት ቀርቦ መፈተን እየቀረ ነው። ሁለት ገጽ ስክሪፕት በኢሜይል ይመጣልሃል፣ ቤትህ ሆነህ በስልክ ትቀረጽና ትልካለህ። ከስልኩ ጀርባ ቆሞ የሌላውን ሰው ንግግር የሚያነብልህ ያስፈልግሃል። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው።

ስደርስ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ አንሶላ ወጥሮ ጠበቀኝ። ስልኩን የምናቆምበት ስላጣን ረከቦቱን ጠረጴዛው ላይ አውጥተን፣ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን አቆምነው። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠኝ። የሚጫወተው ሰው ስም የለውም። «ሾፌር ቁጥር 2» ይላል። ያለው ንግግር ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጨረሻው «አመሰግናለሁ ጌታዬ» ነው።

አንዴ ቀረጽን። የጋሼ እንግሊዝኛ ጥርት ያለ ነው፤ ትወና ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። እንደጨረስን «ይሄ አይሆንም» አለና ከወኪሉ የመጣለትን መልእክት አሳየኝ። አነጋገሩ ጠንከር ያለ የአፍሪካ ቃና ይኑረው ይላል። ጋሼ ቀደም ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «የየትኛው አገር? የናይጄሪያ? የኬንያ? የእኛ?» የተሰጠው መልስ «እንዲሁ አፍሪካዊ» የሚል ነው።

እንዲሁ አፍሪካዊ! እስቲ እንዲሁ አፍሪካዊ ሆኖ የሚናገር አንድ ሰው አሳዩኝ። እኔ አላውቅም፤ ጋሼም አያውቅም። ግን ያንን የሌለ ሰው ስንፈልግ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አመሸን። 11 ጊዜ ቀረጽን። በእያንዳንዱ ላይ እንግሊዝኛውን እየሰባበረ ሄደ። ለስንት ተማሪ ያስተማረውን ሰዋስው በገዛ አፉ አንድ በአንድ አፈረሰው። እኔ ወረቀቴን እያየሁ ነበር የማነበው። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

አሠራሩን ሳስበው እንዴት እንደሚሆን ይገባኛል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ሰው ማንነቱን የሚያስረዳበት ጊዜ የለውም። ተመልካቹ ገና ሲያየው ሾፌር መሆኑን ማወቅ አለበት። ለመራጮቹ የሚመጣላቸው ቪዲዮ ደግሞ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አያዩትም። ስለዚህ ቀድሞውኑ ጭንቅላታቸው ውስጥ ካለው ሾፌር ጋር የሚመሳሰለውን ያነሳሉ። አንዴ ከተመረጥክ ያ ሥራ መታወቂያህ ይሆናል። ሌላ ሾፌር ሲፈለግ ይደወልልሃል። ዳኛ ወይም ሐኪም ሲፈለግ ግን ማንም አያስታውስህም። ይገባኛል፤ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

ትልልቆቹም አላመለጡም። ኬንያዊቷ ሉፒታ ኒዮንጎ በባርነት የምትሰቃይ ሴት ሆና ተውና እ.ኤ.አ. በ2014 ኦስካር ወሰደች። ከዚያ በኋላ ትልልቅ ሚና ይመጣልኛል ብላ ስትጠብቅ፣ እንደገና ባሪያ ሁኚልን የሚል ጥያቄ እንደመጣላት ራሷ ተናግራለች። የአሁኑ ልዩነት የምትጫወተው መርከብ ላይ መሆኑ ብቻ ነበር። ሞቃዲሾ የተወለደው ባርካድ አብዲ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሾፌር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ፊልም ላይ የባሕር ወንበዴ ሆነና ለኦስካር ታጨ፣ «ባፍታ» የሚባለውን የእንግሊዞች የፊልም ሽልማት አሸነፈ። በመሃል ሌላም ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ አንድ ፊልም ላይ ግን የመዝናኛ ፓርክ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ አየሁት። ይህን ለጋሼ ስነግረው ምንም አላለኝም። ስልኩን ከረከቦቱ ላይ አንስቶ ባትሪውን አየና መልሶ አስቀመጠው።

ከእሱ ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ ዊልሸር ጎዳናን ይዤ ነው የማልፈው። እዚያ ላይ ድሮ አምባሳደር የሚባል ሆቴል ነበር፤ ፈርሶ አሁን ትምህርት ቤት ሆኗል። ሃቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር የተቀበለችው እዚያ ነው። ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ነበረች። የተሸለመችበት ሚና የቤት ሠራተኛ ነው። በሆቴሉ ጥቁር ስለማይስተናገድ በልዩ ፈቃድ ገብታ፣ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተነጥላ፣ ግድግዳ ጥግ ያለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሠራተኛ ሆና የተወነችበት ፊልም ብዙ ነው። ትወና ባጣች ጊዜ ደግሞ በእውነትም ሰው ቤት ተቀጥራ ሠርታለች። ያን ማታ በዚያ ሳልፍ ጋሼ ትዝ አለኝ። ቀን ሾፌር ነው፣ ማታ ሾፌር ለመሆን ይፈተናል።

እስከዚህ ድረስ ብስጭቴ በፈረንጅ ላይ ነበር። ግን 7ኛውን ቀርጸን ሻይ ስንጠጣ ጋሼ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር። «እዚህስ ቆዳዬንና አነጋገሬን አይተው ነው። አያውቁኝም። አገሬ ላይ ግን ያ ሁሉ ዓመት በር ላይ ያስቀመጠኝ ማነው?»

መልስ አልነበረኝም።

ጋሼ ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ነው የተማረው። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የሐምሌት ትርጉም ተማሪ ሳለ በቃሉ ይዞት ነበር፤ ዛሬም ይወጣዋል። አንድ ጊዜ ለቴሌቪዥን ድራማ ዘበኛ የተባለው ተዋናይ ሳይመጣ ቀረና «እስቲ አንተ ግባበት» ተባለ። ገባበት። ሕዝቡ ሳቀ። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ያህል ከዚያ በር አልተነሳም። አባት ልሁን ሲል «ሕዝቡ እኮ የለመደህ በዘበኛ ነው» ይሉታል። አንዴ የሚያለቅስ ዘበኛ አድርጎ ሠራው። ፊልሙ ሲመረቅ አዳራሹ ልቅሶውም ላይ ሳቀ። ከመድረክ ጀርባ ሆኖ ሲሰማው እግሩ እንደከዳው ነገረኝ።

እኛ ዘንድም ሁሉም ቦታ ቦታው ተይዟል እኮ። ቀይ ቆንጆዋ የሀብታም ልጅ ናት። ከገጠር የመጣችው ሠራተኛ ናት፤ አፏን ስትከፍት እንድንስቅባት ነው የገባችው። ወፈር ያለው ያስቃል። ድምፁ የጎረነነው ንጉሥ ወይም ደጃዝማች ይሆናል። ገጠሬ ሆኖ ቁም ነገር የሚናገር ሰው በእኛ ፊልም ላይ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ፕሮዲውሰሩ ገንዘቡን ይፈራል፤ ሕዝብ የለመደውን ሰው በለመደው ቦታ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። እኛም እንከፍላለን። ከዚያ መንገድ ላይ ሰውየውን በሚናው ስም እንጠራዋለን። «ሰው ለሰው» ድራማ በሚታይበት ጊዜ እኛ ቤት አበበ ባልቻ የሚል ሰው አልነበረም፤ አስናቀ ነበር የምንለው። ያንን ሚና እንደዚያ አድርጎ የተጫወተው ተዋናይ መሆኑ ራሱ ተረስቶን ነበር።

እኔና ጋሼ የተዋወቅነው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው፤ ትንሿ ኢትዮጵያ ከተባለችው ሰፈር። ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ። ብቻውን ተቀምጦ ሲበላ አየሁትና ሄጄ ሰላም አልኩት። ስሙን አልጠየቅኩትም። «እስቲ ‹ማነው?› በልልን!» ነው ያልኩት። እጁ እንጀራው ላይ ቆመ። ትንሽ አየኝ። ከዚያ አለልን። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሂሳቡን ከፈልኩለት። ውለታ የዋልኩ ነበር የመሰለኝ። አሁን ሳስበው ያ እንዲሁ አፍሪካዊ ሁን ያለው ሰውዬ ቢያንስ ጋሼን ምሳ ላይ አላቋረጠውም።

ጋሼ ስልኩ ላይ ያስቀመጠው አንድ ፎቶ አለ። የሩት ነጋ ነው። አዲስ አበባ የተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት የሆነች ተዋናይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደብሊን ውስጥ በጌት ቲያትር ሐምሌትን ራሱን ሆና ተውናለች። ሴት ሆና፣ ጥቁር ሆና፣ የዴንማርኩን ልዑል። ጋሼ ፎቶውን እያሳየኝ «አንድ ሰው ‹አንቺ ትሆኛለሽ› ብሏታል» አለኝ። «አንድ ሰው ነው እኮ የሚያስፈልገው።»

11ኛውን እንደጨረስን «ያለ ስም እንዴት ትጫወተዋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ተነሳና ከመሳቢያ ውስጥ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አወጣ። ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ነው። በየገጹ አንድ ሰው አለ። የተጫወታቸው ዘበኞች በሙሉ ናቸው። ስክሪፕቱ ላይ ሁሉም «ዘበኛ» ናቸው። ደብተሩ ላይ ግን ስም አላቸው፣ የትውልድ አገር አላቸው። አንዱ ድቁና ተምሮ ያቋረጠ ነው። አንዱ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልቶ ከተማ የገባ ነው። ማንም አልነገረውም፣ ማንም አልጠየቀውም። «ስም ካልሰጠሁት አፌ አይከፈትልኝም» አለኝ።

አንዱ ገጽ ላይ ቆምኩ። በላቸው ይላል። የመንዝ ሰው። ልጁ ወታደር ሆኖ ሄዶ የቀረበት። ያንን ፊልም አይቼዋለሁ፤ ከአንድም ሁለቴ። በሩን በከፈተ ቁጥር አንገቱን አስግጎ መንገዱን ግራ ቀኝ የሚያየው እሱ ነው። ልጁን ነበር የሚያየው።

ጋሼ ደብተሩን ተቀብሎኝ ባዶ ገጽ ገለጠ። አያሌው ብሎ ጻፈ። የኬሚስትሪ መምህር የነበረ፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሉት። ከዚያ 12ኛውን ቀረጽንና እሱኑ ላክን። መልስ እስካሁን አልመጣም።