ማስተካከያ፦ ስለ አሮጌዎቹ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች

ስለ ባለ ፒስተን ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላኖች ባቀረብነው ጽሑፍ ሁለት ስህተቶች ገብተዋል።

«ዲሲ-7 አዲስ በመሆኑ ከዲሲ-6 የበለጠ ዕድሜ አገኘ» ብለን ነበር። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። የዲሲ-7 የራይት ሞተር የጭሱን ትኩስ ጋዝ በሦስት ተርባይኖች እየያዘ ኃይሉን ወደ ዋናው ዘንግ ይመልሳል። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ ሞተሩ ግን ብልሽት የሚያበዛ፣ ጥገናው ኪስ የሚያራቁት ነበር። ጄት ሲመጣ ብዙዎቹ ሳያረጁ ከመንገደኛ አገልግሎት ወጡ፤ አንዳንዶቹም የደን እሳት ማጥፊያ ሆኑ። ታላቅ ወንድማቸው ዲሲ-6 ግን ታጋሹን የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር ይዞ፣ በአላስካ ነዳጅና ጭነት እያመላለሰ ወደ 21ኛው ክፍለ ዘመን ተሻግሯል።

ሁለተኛው ስህተት፣ ቦይንግ 377 ስትራቶክሩዘር «112 ካንዴላ አለው» ማለታችን ነው። 112 የሲሊንደሮቹ ቁጥር ነው፤ በእያንዳንዱ ሞተር 28፣ በአራቱ 112። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላለው ድምሩ 224 ይሆናል። መሰላል ላይ ቆሞ ያን ሁሉ አንድ በአንድ እየፈታ ለሚቀይር መካኒክ ግማሹን ሥራ ሰርዘንበታል፤ ይቅርታ የምንጠይቀውም በቅድሚያ እርሱን ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ «ስትራቶክሩዘሮች ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት ሆነው ቀሩ» የሚለውም ተጋንኗል። የአንዳንዶቹ አካል ተቀጣጥሎና ሆዱ ተነፍቶ «ፕሬግናንት ጋፒ» የተባለው የጭነት አውሮፕላን ተሠርቶበታል። ይህ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1962 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በኋላም ለናሳ የሳተርን ሮኬት ክፍሎችን አጓጉዟል።