ከባቱሚው ዋንጫ የሚበልጠው የዲቪያ ውሳኔ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2025 በጆርጂያዋ የወደብ ከተማ ባቱሚ፣ የ19 ዓመቷ ሕንዳዊት ዲቪያ ዴሽሙክ የሴቶች ቼዝ የዓለም ዋንጫን አነሳች። በፍጻሜው የገጠመችው የአገሯን ልጅ ኮኔሩ ሃምፒን ነበር። ሃምፒ የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ የሆነውን ግራንድ ማስተርነትን ስታገኝ ዲቪያ ገና አልተወለደችም። ሁለቱ መደበኛ ጨዋታዎች አቻ አለቁ፤ የመጀመሪያው ፈጣን የመለያ ጨዋታም እንዲሁ። በሁለተኛው ግን ሰዓቱ ሃምፒን አጣደፋት፣ ተሳሳተች፤ ጥቁሮቹን ይዛ የተጫወተችው ዲቪያም አለቀቀቻትም። ጨዋታው ሲያበቃ እናቷን አቅፋ አለቀሰች።

ያ ምስል ዓለምን ዞረ፤ ይገባዋልም። እኔን የሚቆጨኝ ግን ስለ ዲቪያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እዚያው ዋንጫው ላይ መቆሙ ነው። ለእኔ ከዋንጫው የሚበልጠው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ በኡዝቤኪስታኗ ሳማርካንድ ያደረገችው ምርጫ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ድሉ አንድ ነገር ልበል። አንዳንዶች ግራንድ ማስተርነቱን በአቋራጭ አገኘችው ይላሉ። ማዕረጉን ለማግኘት በመደበኛው መንገድ በከባድ ውድድሮች ሦስት ጊዜ የመመዘኛ ውጤት ማምጣትና የደረጃ ነጥብን 2500 ማድረስ ያስፈልጋል። የዓለም ዋንጫው አሸናፊ ግን በደንቡ መሠረት ማዕረጉን በቀጥታ ታገኛለች። ዲቪያ ራሷ ከውድድሩ በፊት አንድም መመዘኛ እንዳልነበራት በግልጽ ተናግራለች። ይሁን እንጂ አቋራጭ የተባለው መንገድ ላይ ማን ማን ቆሞ እንደነበር እንመልከት፦ የቻይናዋ ዙ ጂነር፣ ሕንዳዊቷ ግራንድ ማስተር ሃሪካ ድሮናቫሊ፣ የቀድሞዋ የዓለም ሻምፒዮን ታን ዦንግዪ፣ በመጨረሻም ሃምፒ። ይህን ሁሉ ጥሳ ያለፈችው ልጅ ውድድሩን የጀመረችው በነጥብ ደረጃ 15ኛ ሆና ነው። ዱብ ያለችም አይደለችም። የናግፑሯ የሐኪሞች ልጅ በ2024 የዓለም ወጣት ሴቶች ሻምፒዮን ሆናለች፤ በዚያው ዓመት ቡዳፔስት በተካሄደው የአገሮች ቡድኖች የቼዝ ኦሊምፒያድ ሕንድ በሴቶች ወርቅ ስትወስድ እሷም በቡድኑ ሦስተኛ ሰሌዳ ተጫውታ የግል ወርቅ አጥልቃለች።

ዲቪያ 88ኛዋ የሕንድ ግራንድ ማስተር ናት። ከ88ቱ ሴቶቹ 4 ብቻ ናቸው። ሃምፒ በ2002፣ ሃሪካ በ2011፣ ቫይሻሊ ራሜሽባቡ በ2023፣ ዲቪያ በ2025። ከሃምፒ እስከ ሃሪካ 9 ዓመት፣ ከሃሪካ እስከ ቫይሻሊ 12 ዓመት። በዚህ መሃል ያቺው አገር ወንድ ግራንድ ማስተሮችን በብዛት ስታወጣ ኖራለች። ይህን ልዩነት በተሰጥኦ ማብራራት የሚፈልግ ካለ፣ በ2005 ከዓለም ተጫዋቾች ሁሉ 8ኛ የነበረችውን ሃንጋሪያዊት ዩዲት ፖልጋርን ያስታውስ። ፖልጋር በሴቶች የዓለም ሻምፒዮና አልተወዳደረችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከጠንካሮቹ ጋር ነው ያደገችው።

የቼዝ ነጥብ አሠራርም ይህንኑ ይናገራል። ነጥብ የሚመጣው ከተጋጣሚ ጥንካሬ ነው። ከሚበልጣት ጋር አቻ የወጣች ነጥቧ ይጨምራል፤ ከሚያንሳት ጋር አቻ የወጣች ይቀነስባታል። ሁልጊዜ እርስ በርስ ብቻ የሚጫወቱ ሰዎች ነጥብ እዚያው በመካከላቸው ይዞራል። ይባስ ብሎ ለሴቶች ብቻ የተለየው የሴት ግራንድ ማስተር የሚባለው ማዕረግ የሚጠይቀው የደረጃ ነጥብ 2300 ብቻ ነው። ለብዙ ልጃገረዶች መነሻ መሆን የነበረበት ነገር መድረሻ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ በሴፕቴምበር 2025 ሳማርካንድ ላይ ሁለት ታላላቅ የግራንድ ስዊስ ውድድሮች (የዓለም ሻምፒዮን ተጋጣሚ ወደሚለይበት ካንዲዴትስ የሚያሳልፉ) ጎን ለጎን ተካሄዱ፣ አንዱ የሴቶች፣ ሌላው ለሁሉም ክፍት። ዲቪያ ወደ ሴቶቹ ብትገባ ለማሸነፍ ከሚጠበቁት አንዷ ትሆን ነበር። እሷ ግን ክፍት የሆነውን መረጠች። እዚያም ከዓለም ሻምፒዮኑ ጉኬሽ ጋር ተቀምጣ አቻ ወጣች። የሴቶቹን ውድድር ቫይሻሊ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈች፤ ያም ትልቅ ድል ነው፣ አላሳንሰውም። በኖቬምበር ደግሞ ዲቪያ በሕንዷ ጎዋ በተካሄደው የክፍቱ ዓለም ዋንጫ ከ206 ተጫዋቾች መካከል ብቸኛዋ ሴት ሆና ገባች፤ በመጀመሪያው ዙርም ተሸንፋ ወጣች። ያን ሽንፈት አቅሟ ይኸው ነው ለማለት የተጠቀሙበት ሰዎች አሉ። ከ206 አንዷ የመሆንን ክብደት ግን አልመዘኑትም። በዚያ ዙር የተሸነፉት ወንዶች ብዙ ናቸው፤ ስለ ወንድ ቼዝ ግን ማንም ምንም አላለም።

ይህ ሸክም ለዲቪያ አዲስ አይደለም። በጃንዋሪ 2024፣ በ18 ዓመቷ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ዋይክ አን ዜ ላይ ከተወዳደረች በኋላ በማኅበራዊ ሚዲያ ምሬቷን ጽፋ ነበር። ተመልካቾች ጨዋታዋን ትተው ስለ ፀጉሯ፣ ስለ ልብሷና ስለ አነጋገሯ እንደሚያወሩ፣ የወንዶቹ ግን ጨዋታቸው ብቻ እንደሚታይ ገልጻ፣ ሴቶች እኩል ክብር እንዲያገኙ ጠየቀች። ይህን በአደባባይ ተናግራ፣ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ይበልጥ ወደምትታይበት አዳራሽ በራሷ ፈቃድ የገባች ልጅ ናት።

ግን ይህን ምርጫ ማን ይችላል? ዲቪያ ሳማርካንድ ስትገባ የሴቶች ካንዲዴትስ ውድድር ቦታዋን ባቱሚ ላይ አስቀድማ ይዛ ነበር፤ ስለዚህ የምታጣው ነገር ጥቂት ነው። ያ ዋስትና የሌላት ተጫዋች ግን የሴቶቹን ውድድር ትታ ብትሄድ የካንዲዴትስ ዕድሏንም የሽልማት ገንዘቡንም ትተወዋለች። ገንዘቡ ራሱ እኩል አይደለም። በ2023 ባኩ ላይ በአንድ ወቅት በተካሄዱት ሁለት የዓለም ዋንጫዎች የክፍቱ አሸናፊ 110 ሺህ ዶላር ሲያገኝ የሴቶቹ አሸናፊ ያገኘችው 50 ሺህ ነው። ቢሆንም ለአብዛኞቹ ሴቶች የእንጀራ ገመዳቸው የሴቶቹ ውድድር ነው፤ ይዘጋ የሚለውን ሐሳብ ፈጽሞ አልቀበልም።

የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ግን ሁለቱን ግራንድ ስዊሶች በተለያየ ወር ማድረግ ይችላል። ባቱሚና ጎዋ በ2025 ተለያይተው ተካሂደዋልና እንደሚቻል ታይቷል። በክፍቱ ውድድርም ለአንዲት ሴት ብቻ ሳይሆን ለአምስት ለስድስት የግብዣ ቦታ ይመደብ፤ አንዷ ስትሸነፍ ሽንፈቱ የሴቶች ሁሉ ተደርጎ እንዳይቆጠር። የሕንድ ፌዴሬሽንም ከዲቪያ በታች ያሉትን ታዳጊ ሴቶች ወደ ጠንካራ ክፍት ውድድሮች ለመላክ የጉዞና የአሠልጣኝ ወጪያቸውን ይሸፍን፤ ሁሉም ልጃገረድ የሐኪሞች ልጅ አይደለችምና።