ተንሳፋፊ አይደለም
ስለ ካምፖንግ ፕሉክ (በካምቦዲያ ቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር) የወጣው ጽሑፍ መንደሩን "ተንሳፋፊ መንደር" ማለቱ ልክ አይደለም። ተንሳፋፊ ቤት ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። እዚያ ግን ቤቱ ረጃጅም ምሰሶ ላይ ቆሟል፤ የሚወጣ የሚወርደው ውሃው ብቻ ነው። እኔ የሄድኩት በመጋቢት ነበር፣ የካምቦዲያ ደረቅ ወቅት ላይ። ቤቶቹን ለማየት አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጠጥኩ፤ ምሰሶዎቹ ከ6 ሜትር ይበልጣሉ። ከሥር መንገዱ ላይ ሽሪምፕ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ዝናቡ ሲመጣ የሜኮንግ ወንዝ ይሞላና ከሐይቁ ወደ እሱ የሚፈሰውን የቶንሌ ሳፕ ወንዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ እንዲፈስ ያደርገዋል (ወንዝ ወደ ኋላ፣ አስቡት!)። ጥልቀቱ 1 ሜትር አካባቢ የነበረው ሐይቅ ከ8 ሜትር ያልፋል፤ ያ መንገድ የጀልባ መንገድ ይሆናል። ከጽሑፉ ሥር "ለምን ደረቅ መሬት ላይ አይሰፍሩም?" ላልከው ወንድሜ፦ ኑሯቸው ዓሣ ነዋ! ዓሣው ደግሞ የሚያድገው ውሃ በዋጠው ጫካ ውስጥ ነው። የሚያስጨንቃቸው ውሃው ሲሞላ ሳይሆን ሳይሞላ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 ውሃው ዘግይቶ መጣ፣ መጠኑም አነሰ። ጽሑፉ ይህን ጭራሽ አላነሳውም።