ጄሶው ከወጣ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት

በየዓመቱ ግንቦት 26 ሲደርስ ፌስቡክ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይበዛል። ቀኑ የዓለም የቆልማማ እግር ቀን ነው። ፎቶው ለሁለት የተከፈለ ነው። በግራ በኩል ተረከዙ ወደ ላይ የተሰቀለ፣ ውስጥ እግሩ ወደ ጎን የዞረ የአራስ ልጅ እግር አለ። በቀኝ በኩል ያው ልጅ አድጎ ኳስ ይለጋል። ከሥሩ «ያለ ቀዶ ሕክምና የዳነ» ይላል። ሰዉም ላይክ ያደርጋል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይጽፋል፣ ያልፋል።

ፎቶው ውሸት የለበትም። ሕክምናው በእርግጥ ይሠራል። እኔን የሚከነክነኝ በሁለቱ ምስሎች መሃል የተዘለለው ጊዜ ነው። አራት ዓመት ገደማ ነው። እግሩ ቀጥ ብሎ የሚቀረው ወይም ተመልሶ የሚቆለመመው በዚያ ጊዜ ነው። ወሬያችን፣ ዘመቻችንና ገንዘባችን ግን እዚያ ሳይደርስ ያልቃል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ከ1000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ቆልማማ እግር ይዞ ይወለዳል። ወንዶቹ ከሴቶቹ እጥፍ ያህል ናቸው። ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ሁለቱም እግራቸው ነው። ለአብዛኞቹ ምክንያቱ ይሄ ነው ተብሎ አይታወቅም፤ በዘር የመምጣት ነገር ግን አለው። እናትየው የረገጠችው ነገር፣ የጎረቤት እርግማን፣ የፈጣሪ ቁጣ፣ ይሄ ሁሉ የሰፈር ወሬ ነው። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይወለዳሉ። ሒሳቡን ሥሩት፤ በየዓመቱ ከ3000 የማያንሱ ልጆች መሆናቸው ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው በጄሶ ነው። ብዙ ሰው ጄሶ ሲባል የተሰበረ አጥንት ነው ትዝ የሚለው። እዚህ ግን የተሰበረ ነገር የለም። የአራስ ልጅ የእግር አጥንት ገና አልጠነከረም። አብዛኛው እንደ ጆሯችን ጫፍ የሚለመጥ ነው። ባለሙያው ይህንን ይጠቀምበታል። በአንድ አውራ ጣቱ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት፣ በውጭ በኩል ያለችውን ጉብታ ደግፎ ይይዛል። በሌላው እጁ የእግሩን ፊት ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ተረከዙን አይነካውም፤ እሱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። ከዚያ እግሩ በደረሰበት ቦታ ላይ ጄሶ ይታሰራል። ከጣት እስከ ታፋ ነው የሚታሰረው፣ ጉልበቱ እንደታጠፈ። ከጉልበት በታች ብቻ ከታሰረ እግሩ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል፣ ጄሶውም ይሾልካል። በሳምንቱ ይፈታል፣ እንደገና ትንሽ ይገፋል፣ እንደገና ይታሰራል። ለአብዛኛው ልጅ 5 ወይም 6 ጄሶ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ጡት ቢጠባ ጥሩ ነው። የሚያለቅስ ልጅ ይወጠራል፣ እግሩም አይታዘዝም። ስለዚህ የገባው ባለሙያ ገና ወረፋ ላይ ሳሉ «እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱት፤ ጄሶ ስንጀምር ጡት ይሰጡታል» ይላል። እንዲህ ዓይነት ክሊኒክ ጠዋት ብትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ሳፋ ነው። እናቶች የልጆቻቸውን እግር ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ያለፈውን ሳምንት ጄሶ በእጃቸው ይፈታሉ። ነጭ ውሃ በየቦታው ይፈሳል። አንዷ የልጇን ጣቶች እየጫነች ለሌላዋ ታሳያለች፤ ሲጫኑት ነጣ ብሎ ወዲያው ደሙ ከተመለሰ ደህና ነው። ጣቶቹ ከጠቆሩ ወይም ወደ ጄሶው ውስጥ ከተደበቁ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን መመለስ ነው። ይሄን የምታስተምራት ነርሷ ብቻ አይደለችም። ከጎኗ የተቀመጠችው፣ በአንድ ወር የምትቀድማት እናትም ነች።

ይህን መንገድ ያወጣው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. ሜኖርካ በምትባል የስፔን ደሴት ተወለደ። አባቱ የእጅ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ እሱም ልጅ ሆኖ እዚያው ሰዓት ሲጠግን አድጓል። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የተሸናፊው ወገን ሐኪም ነበር። ቁስለኞችን ይዞ ተራራ አቋርጦ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። ከዚያ ሜክሲኮ፣ በ1941 ደግሞ አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት ገባ። እዚያ በልጅነታቸው ቆልማማ እግራቸው በቀዶ ሕክምና የተስተካከለላቸውን ሰዎች አድገው አያቸው። እግራቸው ድርቅ ያለና የሚያም ሆኖ ነበር። ቢላዋውን ትቶ ወደ እጁ ተመለሰ። በ1963 ውጤቱን አሳተመ። የሙያ ጓደኞቹ ግን አልሰሙትም፤ ለሰላሳ ዓመት ያህል ቀዶ ሕክምናው ቀጠለ። በመጨረሻ ነገሩን ያዞሩት ወላጆች ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔት ላይ ተፈላልገው «እዚያ አይዋ አንድ ሽማግሌ ሐኪም አለ» መባባል ጀመሩ። ልጆቻቸውን ይዘው ጎረፉ። ዶክተሮቹ ወላጆቹን ተከትለው መጡ። ፖንሴቲ በ2009 በ95 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ይሠራ ነበር። ግንቦት 26 የልደት ቀኑ ነው።

«ያለ ቀዶ ሕክምና» የሚለው ነገር ላይ እዚህ ጋ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ለአብዛኞቹ ልጆች ከመጨረሻው ጄሶ በፊት አንድ ትንሽ ነገር አለች። ተረከዙን ወደ ላይ ሰቅሎ የያዘው ጅማት በማደንዘዣ መርፌ ደንዝዞ በቀጭን ምላጭ ይቆረጣል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ስፌት አያስፈልገውም። ጄሶ ታስሮበት ሦስት ሳምንት ሲቆይ ጅማቱ ረዝሞ መልሶ ይገጥማል። ይህንን አስቀድሞ ለቤተሰብ አለመናገር ትልቅ ስህተት ነው። «ቀዶ የለውም» ተብላ የመጣች እናት ስድስተኛው ሳምንት ላይ ድንገት ምላጭ ብታይ ምን ትበል? «የልጄን ቋንጃ ሊቆርጡት ነው» ብላ ታቅፋው ብትወጣ ማን ይፈርድባታል? ከመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብሎ ማስረዳት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ጫማው። ጄሶው ሲያልቅ እግሩ ያምራል። ቀጥ ብሏል፣ ተረከዙ ወርዷል። ቤተሰቡ እልል ይላል። ልጁ የሚሰጠው ግን በአንድ ብረት የተያያዘ ሁለት ጫማ ነው። ቆልማማ የነበረው እግር ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ወደ ውጭ ዞሮ ይታሰራል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፤ የቀረችው አንድ ሰዓት ለመታጠቢያ ነች። ከዚያ በኋላ ማታና ቀን እንቅልፍ ሲተኛ ብቻ ነው። እስከ መቼ? አራት ዓመት እስኪሞላው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

እስቲ ይህንን ቤት ውስጥ አስቡት። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ይነጫነጫል። ለማዘል ያስቸግራል፤ ሁለቱ እግሮች በብረት ተያይዘው አንቀልባ እንዴት ይሆናል? ብረቱ ከጎኑ የተኛውን ይመታል። አያት ታያለች። «ኧረ ልጄን አሰቃያችሁት! እግሩ ድኖ የለም እንዴ? በይ ፍቺለት!» አያቶች ክፋት የላቸውም። ዋሽንግተን ያለች እናት እንኳ በቪዲዮ ጥሪ ይህንኑ ትሰማለች። የሚታየው እግር ደህና ነው። ደህና ለሚመስል ነገር ሌሊቱን መሰቃየት ለማንም አይዋጥም። አንድ ቀን ይፈታለታል። ሁለት ቀን። ከዚያ ጫማው ከአልጋ ሥር ይገባል።

እግሩ ግን የተወለደበትን ቅርጽ አይረሳም። በፖንሴቲ ዘዴ የሠሩ ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ቁጥር ይህንን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጫማውን በአግባቡ ካደረጉት ልጆች መካከል ተመልሶ የሚቆለመምባቸው ከ100 ውስጥ 6 ገደማ ናቸው። ጫማውን ካቆሙት መካከል ግን ከ80 በላይ ይሆናሉ። በሌላ አነጋገር ዋናው ሕክምና ያለው ክሊኒክ ውስጥ አይደለም፤ ማታ ማታ መኝታ ቤት ነው።

ይህ ሲነሳ በየስብሰባው የምንሰማት ሐረግ አለች፤ «የግንዛቤ ችግር»። እኔ ይህች ነገር አትመቸኝም። ስንፍናችንን ለእናትየው የምናሸክምባት ነች። ከወረዳ ተነስታ ለስድስት ሳምንት በየሳምንቱ የተመላለሰች ሴት ግንዛቤ አላት። ያውም አራስ ሆና ነው። ምች ይመታሻል፣ ከቤት አትውጪ የምትባልበት ወቅት ላይ ሕፃን ታቅፋ ሚኒባስ ተሳፍራለች። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳል፤ ጄሶ ደግሞ ውሃ አይወድም። ሁለቱን ለማስማማት ከቄሱም ከክሊኒኩም ጋር ስትነጋገር የከረመች እሷ ነች። የሌላት ግንዛቤ ሳይሆን የትራንስፖርት ብር ነው። የምታድርበት ቤት ነው። ቤት የቀሩትን ልጆች የሚይዝላት ሰው ነው። ጫማው ሲጠብ የሚተካላት ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የልጅ እግር ስንት ቁጥር ይጨምራል! የጠበበ ጫማ ያቆስላል፣ ያቆሰለ ጫማ ይወልቃል።

እና አባትየውስ? ብዙ ጊዜ የመሳፈሪያውን ነገር የሚወስነው እሱ ነው። ጫማውን የማሰር ሥራ ግን የእናትየው ብቻ ተደርጎ ይታያል። ጫማ ማሰር ጡት ማጥባት አይደለም፤ ወንድም ያስራል።

በአገራችን ሕክምናው ያለው በአብዛኛው በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ትከሻ ላይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል አለ። ከኪዩር ዓለም አቀፍ ድርጅት የቆልማማ እግር ፕሮግራም የወጣው ሆፕ ዎክስ ደግሞ ክሊኒኮችን ይደግፋል። ሊመሰገኑ ይገባል። ኡጋንዳና ማላዊም ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን አሠልጥነው ጄሶውን በጥሩ ሁኔታ አሠርተዋል፤ የግድ የአጥንት ስፔሻሊስት እስኪመጣ አይጠበቅም። የጄሶው ነገር መንገዱ ታውቋል ማለት ነው። የጫማው ነው ባለቤት ያጣው።

እኔ ያለኝ ሐሳብ አዲስ ፕሮጀክት አይፈልግም። ልጁ መቼም ለክትባት ይመጣል። በ45 ቀኑ፣ በዘጠኝ ወሩ፣ በ15 ወሩ። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ልጅ የክትባት ካርዱ ላይ ምልክት ይደረግ። ክትባት የምትሰጠው ነርስ ሁለት ጥያቄ ትጠይቅ፤ «ማታ ጫማውን ያደርጋል? አልጠበበውም?» ተረከዙ ተመልሶ እየተነሳ እንደሆነ እግሩን አንድ ጊዜ ትመልከት። ከ15 ወር በኋላ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አለች። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራዋ ነው። ስለ መፀዳጃ ቤት ለመጠየቅ ከገባች አይቀር «እስቲ ጫማውን አሳዪኝ» ትበል። አያቲቱም እዚያው ትስማ። ለአያት ከልጇ ይልቅ የጤና ባለሙያ ቃል ይከብዳል።

ወጪውም ቢሆን የሚከብድ አይደለም። የመሳፈሪያ ብርና የሚቀያየር ጫማ ነው። ያገለገለ ጫማ በየክሊኒኩ ተሰብስቦ፣ ታጥቦ፣ ቁጥሩ ለሚሆነው ልጅ ሊሰጥ ይችላል፤ የጨቅላ ጫማ ሳያልቅ ነው የሚጠበው። በየማዋለጃ ክፍሉ ደግሞ የልጁ ክብደት ሲመዘን እግሩም ይታይ። ይህ ከተዘለለ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሮጠው ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን አጥብቆ የታሰረ የቀርከሃ ስንጥር የሕፃን እግር ደም አቋርጦ እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአጥንት ሐኪሞቻችን አሳምረው ያውቁታል።

ይህን የሚያነብ ሰው ቤቱ ወይም ጎረቤቱ ሁለት ሦስት ዓመት የሞላው፣ ያልታከመ ልጅ ካለ «አለፈው» አይበል። ያው ዘዴ መራመድ ለጀመሩ ልጆችም ይሠራል። ጄሶው ይበዛ ይሆናል፣ አንዳንዱም ተጨማሪ ሕክምና ያስፈልገው ይሆናል። ጫማውን አቋርጦ እግሩ የተመለሰበት ልጅም ቢሆን እንደገና ጄሶ ይታሰርለታል። ክሊኒክ ስትሄዱ «ለምን አቆማችሁ» ብሎ የሚቆጣ ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ ስሙትና ልጁን አሳዩ።