የጡረታ ባለአደራን ማን ያሠልጥነው?

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። የሕዝብ ጡረታ ፈንድ ባለአደራዎችን ለማሠልጠን ዕውቅና ሊጠይቅ ነው። ማመልከቻውን ሞልቶ ጨርሷል። የትምህርቱ ርዕሶች፣ የሰዓቱ ብዛት፣ የአሠልጣኞቹ ማስረጃ፣ የፊርማ መቆጣጠሪያው፣ የሰርተፊኬቱ ናሙና ሁሉም አለ። «የቀረኝ ነገር ይኖር ይሆን?» አለኝ። እኔም «ሥልጠናውን የሚከፍልልህ ማን ነው?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «እሱን ቅጹ አይጠይቅም» አለ።

ስልኩን ከዘጋን በኋላም ይቺ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ባለአደራ የምንለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ባለሙያ አይደለም። መምህር ነው፣ ፖሊስ ነው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ አምነውት መረጡት። ትናንት ክፍል ውስጥ ሲያስተምር የዋለ ሰው ዛሬ ቦርድ ላይ ቁጭ ብሎ የብዙ ሺህ ሰዎች ጡረታ የት እንደሚገባ እጁን አውጥቶ ይወስናል። በዚህ ቅር አይለኝም። ገንዘቡ የነሱ ስለሆነ ከመሀላቸው አንድ ሰው እዚያ መቀመጡ ተገቢ ነው። ግን የሚወስንበትን ነገር ማወቅ አለበት።

ለዚህ ነው በብዙ ቦታ ሥልጠና ግዴታ የሆነው። የደቡብ አፍሪካ ሕግ የጡረታ ፈንድ ቦርድ አባል በተሾመ በ6 ወር ውስጥ አስፈላጊውን ዕውቀት እንዲይዝ ያዛል። በቴክሳስ አዲስ ባለአደራ በመጀመሪያው ዓመት የ7 ሰዓት መሠረታዊ ሥልጠና ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ ቢያንስ የ4 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት አለበት። ርዕሶቹም በደንብ የታሰበባቸው ናቸው፦ የባለአደራነት ግዴታ፣ አስተዳደር፣ ሥነ ምግባር፣ ኢንቨስትመንት፣ የአክቹዋሪ ስሌት (የወደፊቱን የጡረታ ዕዳ የመገመት ሒሳብ)፣ የጥቅማ ጥቅም አከፋፈል፣ የሥጋት አያያዝ።

ግዴታ ካለ ደግሞ ገበያ አለ። ሰዓቱን መሙላት ያለበት ሰው ስላለ፣ ሰዓቱን የሚሸጥ ሰው ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ በነፃ ነው የሚሰጠው። እኔን የሚያሠጋኝ ይሄኛው ነው።

ሥልጠናውን በነፃ የሚሰጠው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የፈንዱን ገንዘብ ማስተዳደር የሚፈልግ ድርጅት ነው። ወይ አማካሪ ነው፣ ወይ ደንበኛ የሚፈልግ ጠበቃ። ጠዋት ስለ ኢንቨስትመንት ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ቢዝነስ ካርድ ያድላል። ምሳ የጋበዘ ሁሉ ጉቦኛ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ሻጭ ወደ ባለአደራ የሚቀርብበት መንገድ የት ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል አይተናል። አላን ሄቨሲ የኒውዮርክ ግዛት የሠራተኞች ጡረታ ፈንድ ብቸኛ ባለአደራ ነበር። 250 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ኢንቨስትመንት ድርጅት ሲፈቅድ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ጥቅም ማግኘቱን በ2010 አመነ፣ በ2011 እስር ቤት ገባ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞች ግዙፍ የጡረታ ፈንድ የሆነው የካልፐርስ ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ፍሬድ ቡወንሮስትሮ ደግሞ ከአንድ ደላላ 200 ሺሕ ዶላር ገደማ ጉቦ በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ በ2016 አራት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ገንዘቡ የመጣው በወረቀት ከረጢት ነው፤ አንዴም በጫማ ካርቶን። ደላላው ራሱ ቀደም ሲል የዚያው ፈንድ የቦርድ አባል ነበር። ሁለቱም ሰዎች ሕጉን አላወቁም የሚል የለም። የሥነ ምግባር ሰርተፊኬት ቢደረደርላቸውም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ጉቦው ግን አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። የዘወትሩ ችግር ድምፅ የለውም፤ አሠልጣኙ የሚዘላቸው ስላይዶች ናቸው።

ለምሳሌ ፈንዱ ከ20 ዓመት በኋላ 1 ሚሊዮን የመክፈል ዕዳ አለበት እንበል። ገንዘቡ በየዓመቱ 7 በመቶ ያተርፋል ብሎ ከገመተ ዛሬ 258 ሺሕ ገደማ ቢይዝ ይበቃዋል። 5 በመቶ ካለ ግን 377 ሺሕ ገደማ ያስፈልገዋል። የሚከፈለው ገንዘብ ያው ነው። የተቀየረው ግምቱ ብቻ ነው። ከፍ ያለ ግምት ጉድለቱን በወረቀት ላይ ያሳንሳል፤ ከዚያ ቦርዱ ያንን ትርፍ ለማምጣት አደገኛና ውድ ኢንቨስትመንት መፈለግ ይጀምራል። አደገኛና ውድ ኢንቨስትመንት የሚሸጥ ድርጅት ይህን ጨዋታ ለባለአደራው ፈታ አድርጎ ያስረዳዋል?

ሌላ ላክል። 100 ብር፣ ዶላር፣ የፈለጋችሁትን በሉት፣ በዓመት 6 በመቶ እያተረፈ 30 ዓመት ቢቆይ 574 ይሆናል። በየዓመቱ ከገንዘቡ 1 በመቶ ለአስተዳዳሪው ተከፍሎ ትርፉ 5 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን 432 ይሆናል። ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ይህችን ሒሳብ ክፍያውን የሚሰበስበው ድርጅት የላከው አሠልጣኝ ሰሌዳ ላይ ሲጽፋት አይቼ አላውቅም።

«ታዲያ ዕውቀቱ ያለው እነሱ ጋ ነው፣ ከየት እናምጣ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ጥሩ አክቹዋሪና ጥሩ የኢንቨስትመንት ባለሙያ ብዙ ጊዜ ገበያው ውስጥ ነው ያለው። ይምጡ፣ ያስተምሩ። ግን ለማን እንደሚሠሩ ከመጀመሪያው ስላይድ ላይ ይጻፍ። ለዚያ ቦርድ አገልግሎት ለመሸጥ እየተወዳደረ ያለ ድርጅት ደግሞ ያንን ቦርድ አያሠልጥን። ክፍያውንም ፈንዱ ራሱ ይክፈል። ከአንድ መጥፎ ውል አንጻር የሥልጠና ወጪ ኢምንት ነው። አቅም የሌለው ትንሽ ፈንድም አማራጭ አያጣም፤ የቴክሳስ ተቆጣጣሪ መሠረታዊውን ትምህርት በነፃ ኦንላይን አስቀምጧል፣ የብሪታንያውም ለሕዝብ ጡረታ ቦርዶች የተዘጋጀ ነፃ ትምህርት አለው።

ሰዓት ቆጠራውንም ነገር አንድ ልበል። በአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት የፖሊስና የእሳት አደጋ ፈንድ አዲስ ባለአደራ ቀድሞ 32 ሰዓት ይሠለጥን ነበር። በ2019 የወጣው ሕግ ከ640 በላይ የሆኑትን ትናንሽ ፈንዶች ኢንቨስትመንት በሁለት ቋቶች ሲያጠቃልል ሰዓቱን ወደ 16 አወረደው። የኢንቨስትመንት ውሳኔው ከእጁ ከወጣ ሥልጠናውም ይቀንስ ነው ነገሩ። ሰዓቱ ሥራውን ተከተለ፤ ይህ ጤናማ ነው። ጤና የሚጎድለው ሰዓቱ ብቻ ሲቆጠር ነው። ዕውቅና ሰጪው አካል አንድ ቀን ሳይናገር መጥቶ ከኋላ ወንበር ቢቀመጥ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ስንት ሰው እንደቀረና ማን ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ያያል። መውጫው ላይ አንዱን ባለአደራ አስቁሞ «የእናንተ ፈንድ በዓመት ስንት በመቶ ያተርፋል ብሎ ነው የገመተው?» ቢለው፣ ከዶሴው ክምር የበለጠ ይማራል።

ወዳጄ ከሳምንት በኋላ መልሶ ደወለ። ከወጪው ግማሹን የሚሸፍንለት አንድ የኢንቨስትመንት አስተዳዳሪ ድርጅት ኖሯል። ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ፈርሞበት፣ ከማመልከቻው ጋር አስገባው። የተቀበለችው ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና «ይሄ የትኛው አባሪ ነው?» አለችው። የአባሪ ቁጥር ስላልነበረው ወረቀቱን መለሰችለት።