ኧረ እኔ ይቅርብኝ

እኔ ሥልጣን ወዳድ ሰው አይደለሁም። የሰፈራችን ሰውም አይደለም፤ ማንን ብትጠይቁ ይነግራችኋል። የማህበረሰብ ራዲዮ ጣቢያችን የቦርድ አባላትን ሊያስመርጥ ነው የሚለው ወሬ ቡና ላይ ሲነሳ፣ ጉዳዬ እንዳልሆነ ለማሳየት ስኳር ያልገባበት ቡናዬን ደጋግሜ አማሰልኩ። ማታ ባለቤቴ ስትተኛ ግን ሱፌን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ብል በልቶት እንደሆነ በባትሪ መረመርኩ። ብብቱ ሥር በልቶታል። እጄን ካላነሳሁ አይታይም። ተመራጭ ደግሞ ምን እጅ ያስነሳዋል? የሚያነሱት መራጮቹ ናቸው።

ቦርድ የሚለው ቃል አንድ ነገር አለበት። የዕድር ኮሚቴ ተብለህ ስትመረጥ ድንኳን ትተክላለህ፣ ወንበር ትቆጥራለህ፣ ድስት ከጠፋ ትጠየቃለህ። ቦርድ ስትባል ግን ትቀመጣለህ። ክፍያ የለውም ይላሉ፤ አውቃለሁ። ግን ፊት ለፊትህ የታሸገ ውሃ ይቀመጣል፣ ከውሃው አጠገብ ስምህ የተጻፈበት ካርቶን ይቆማል። እኔ እስከዛሬ ስሜ ተጽፎ ያየሁት የዕድር መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ዝርዝር ላይ ነው።

ሳላውቅ አልገባም ብዬ ጎረቤታችን ያሉትን ጡረተኛ መምህር ጠየቅኋቸው። ከ1999ኙ የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ነው የጀመሩልኝ። ራዲዮ ሦስት ዓይነት ነው፤ የሕዝብ፣ የንግድና የማህበረሰብ። በ2013 የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 መጣ፤ የማህበረሰቡ ዛሬም ለትርፍ የቆመ አይደለም፤ ማንም ትርፍ ብሎ የሚካፈለው ነገር የለም። በኛ ጣቢያ ደንብ ቦርዱን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ቦርዱ ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ሥራ አስኪያጁን ይቆጣጠራል። «ማይክ አጠገብ ግን አይደርስም» አሉኝ ጣታቸውን ቀስረው። «ዘፈን አይመርጥም። የማንንም ልጅ አያስቀጥርም። ሰርግና ልደት አያስነግርም።»

እዚህ ላይ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ትንሽ ቀዘቀዝኩ።

ሰፈሩ ዘንድ ይህ ሕግ አልደረሰም። ልወዳደር ማሰቤ እንዴት እንደወጣ ባላውቅም (አውቃለሁ፤ ለሦስት ሰው በምስጢር ነግሬያለሁ) ገና ሳልመረጥ አቤቱታው በር ላይ ተሰለፈ። የባጃጁ ልጅ «ጋሼ፣ ትራፊክ የቆመበትን ቦታ በየሰዓቱ ብታስነግሩልን» አለኝ። አንዱ ግጥም ይዞ መጣ፤ አሥራ ስድስት ገጽ፣ ለእናቱ። ሌላዋ ልጇ በጋዜጠኝነት እንደተመረቀች ነገረችኝና ድምጿን እንድሰማ እዚያው አስጠራቻት። ልጅቱ አፍራ ዝም አለች። «በራዲዮ ሲሆን እንዲህ አይደለችም» አለች እናት።

ቡና የምታፈላልን እትዬ ብቻ ሌላ ነገር አለች። «ሽንኩርት ስንት እንደገባ ጠዋት ጠዋት ንገሩን። ውሃ በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚመጣ ንገሩን። ዘፈኑን ተዉት፣ እሱን እኔ ጀበና ስጥድ እዘፍነዋለሁ።» በዚያ ወር የሰማሁት ቁም ነገር ያለው የፕሮግራም ሐሳብ ይኸው ብቻ ነበር። እሷ ግን አልተወዳደረችም፤ ጉባኤው የተጠራው በገበያ ቀን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ጣቢያውን አልሰማውም። ቤቴ ያለው እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራን ተጠግቶ ነው፤ የኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሄዶ ተራራ ሲገጥመው እንደ ባጃጅ በውስጥ ለውስጥ ዞሮ የሚመጣ አይደለም። እኔ ቤት ሲከፈት አሳ የሚጠበስ ይመስላል። መጀመሪያ ይህ ነገር ከውድድር የሚያስወጣኝ መስሎኝ ሰግቼ ነበር። ኋላ ላይ ግን ሌሎቹን ዕጩዎች «የጠዋቱ ፕሮግራም እንዴት ነው?» እያልኩ ስጠይቅ ሁሉም «ጥሩ ነው፣ መሻሻል ይቀረዋል» ሲሉኝ ልቤ ተረጋጋ። ጣቢያው የጠዋት ፕሮግራም የለውም።

ታዲያ ቅስቀሳው። በኛ ሀገር «ምረጡኝ» ብሎ የሚዞር ሰው ነገር እንዳለው ይቆጠራል፤ ወይ ዕዳ አለበት ወይ አብዷል። ጨዋ ሰው የሚመረጠው እየሸሸ ነው። ስለዚህ ወዳጄን ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ይዤው ወረድኩ። ሁለት ጥብስ ቆሮሶ አሳ አዘዝኩለትና ሐይቁን እያየን ተዋዋልን።

«አንተ ትጠቁመኛለህ» አልኩት። «እኔ ኧረ ይቅርብኝ እላለሁ። አንተ አይሆንም ትላለህ። እኔ ሥራ ይበዛብኛል እላለሁ። አሁንም አይሆንም ትላለህ። እኔ ከኔ የተሻሉ ወንድሞች አሉ እላለሁ። ያን ጊዜ ተነስተህ ጉባኤው ይለምንልን ትላለህ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ የሕዝብ ትእዛዝ ከሆነማ ምን አደርጋለሁ እላለሁ።»

«ሦስት ጊዜ ነው አይሆንም የምለው?»

«ሁለት። ሦስተኛው ልመና ነው።»

«እሺ» አለኝ አከርካሪውን እየላጠ። «ሾርባስ የለም?»

ሾርባም መጣ። ይህን ስንነጋገር አንድ አባ ኮዳ አጠገባችን ቆሟል። ይህን ወፍ አይታችሁት ከሆነ ታውቃላችሁ፤ ራሰ በራ፣ ትከሻው ላይ ጥቁር ካፖርት የጣለ የሚመስል፣ አሳ ፍለጋ ሳይሆን ለነፋስ የወጣ ጡረተኛ ዳኛ ነው። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሯል። ዓይኑ ግን ቢላዋው ላይ ነው። እንደኔው ነው ብዬ ወደድኩት። አሳ የሚበልተው ልጅ ሆድ ዕቃውን ሲወረውርለት ግን በአየር ላይ ቀለበው፤ «ኧረ ይቅርብኝ» አላለም። ያን ዕለት ብማር ኖሮ።

ጉባኤው የተጠራው ለሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የተጀመረው አራት ሰዓት ካለፈ። ይህች ከተማ የአያንቶዎች፣ የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች ከተማ ናት፤ ከዋክብትን አይተው የዘመን መለወጫቸውን የፍቼ ጨምበላላን ቀን ይለያሉ፣ በዓሉንም ዩኔስኮ በ2008 መዝግቦታል። የስብሰባ መጀመሪያ ሰዓትን አይቶ የሚለይ ግን እስካሁን አልተወለደም። ሰብሳቢው በሲዳምኛ «ዳኤ ቡሹ»፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ብሎ ከፈተ፤ ወዲያው ኮረም አልሞላም ተባለ፣ ከዚያ ውጭ ተሳፋሪ የሚጠብቁ የባጃጅ ልጆች «ለአምስት ደቂቃ» ተብለው ገቡና ሞላ።

ወንበሮቹ ለየኅብረተሰብ ክፍሉ ተደልድለዋል። ሴቶች ቶሎ አለቀ። አካል ጉዳተኞች የራሳቸውን ሰው ቀድመው ተስማምተው መጥተው ነበር፤ በጉባኤው ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣ ሌላ ቡድን አላየሁም። ወጣቶች ላይ ትንሽ ተንጓተተ፤ ምክንያቱም ከተጠቆሙት አንዱ የልጅ ልጁን አዝሎ ነው የመጣው። «ወጣትነት በመንፈስ ነው» አለ፤ ተጨበጨበለት፤ ተመረጠ። በመጨረሻ «ለነዋሪው» የተባለ አንድ ወንበር ቀረ። የኔ ወንበር።

ወዳጄ ተነሳ። እውነቱን ለመናገር አሳውን አልካደም፤ እኔን ራሴን እስኪያሳፍረኝ አመሰገነኝ። ስሜ ከነአባቴ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። ሰውነቴን ሰበሰብኩ፣ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አኖርኩ።

«ጉባኤው ለሰጠኝ ክብር አመሰግናለሁ። ግን… ኧረ እኔ ይቅርብኝ።»

ሰብሳቢው ወጣት ነው። በቅርቡ ስለ ስብሰባ አመራር ሥልጠና ወስዷል አሉ። ሥልጠናው ላይ ማን ምን እንዳስተማረው አላውቅም፤ ብቻ ሰው የተናገረውን ያምናል።

«እናመሰግናለን» አለ። «የግለሰቡ ፈቃድ ይከበር። ሌላ ጥቆማ?»

ወዳጄን ፈለግሁት። ወንበሩ ባዶ ነው። ስልክ ተደውሎለት ወጥቷል፤ በመስኮት በኩል እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ይታየኛል። ልነሳና «ኧረ ገና ነኝ፣ ሁለት እምቢታ ይቀረኛል» ልል አሰብኩ። እጄን ማንሳት ጀመርኩ። ብሉ ትዝ አለኝ። ክርኔ ላይ ስደርስ አቆምኩት።

«ጥቆማው ይዘጋ የሚለውን ጋሼም ደግፈውታል» አለ ሰብሳቢው።

«አንድ ቀርቶናል» አሉ ጡረተኛው መምህር። «ያ አሁን የወጣው ሰውዬ። አንደበት አለው።» ውጭ ያለ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ወዳጄ ከነስልኩ ተጻፈ። ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ልጅ ችኩል ስለሆነ የኔን ሲያጠፋ ያጠፋው የራሴን ስም ብቻ ነው፤ የአባቴ እዚያው ቀርቷል። ድምፅ ሲቆጠር አባቴ ሦስት አገኘ። ነፍሱን ይማረውና በሕይወቱ እንዲህ ተወድዶ አያውቅም። ወዳጄ በሠላሳ አንድ ድምፅ አለፈ። ተመልሶ ሲገባ በጭብጨባ ተቀበሉት፤ ግራ ገብቶት እሱም አጨበጨበ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችም። ሱፉን ተቀብላኝ ወደ ብርሃን አነሳችው። «ይኼ እኮ ብል በልቶታል» አለች።

ከሁሉ የከፋው ግን ምስጋናው ነው። በየመንገዱ ያስቆሙኛል። «እንዳንተ ያለ ሰው ጠፋ፤ ሰው ለወንበር ሲጋፋ አንተ እግርህ ሥር መጥቶ ተውከው» ይሉኛል። ቡና ላይ ደግሞ ለልጆች ምሳሌ ሆኛለሁ።

ባለፈው እሁድ ዕድራችን ሒሳብ መርማሪ ፈለገ። የሦስት ዓመት ሒሳብ ነው፤ ማንም የማይፈልገው ሥራ። ወዳጄ፣ አሁን የቦርድ አባል፣ ብድግ ብሎ ጠቆመኝ። «አልችልም» አልኩ። «አይሆንም» አለ። «የምር አልችልም፣ ቁጥር አላውቅም» አልኩ። «አይሆንም» አለ። ተነስቼ ሁለት እጄን አንስቼ፣ ብሉንም ሳልደብቅ፣ «በማርያም ተዉኝ» አልኩ። ሰዉ ሁሉ ፈገግ አለ። «ትሕትናውን እናውቃለን» አሉ ሽማግሌው። «ጉባኤው ይለምንልን» አለ ወዳጄ። አንድም ቃል አልረሳም።

ይኸው ደረሰኞቹ በስኳር ጆንያ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ራዲዮኑ አጠገቤ አሳውን እየጠበሰ ነው። እስካሁን አሥራ አንድ ሰሃንና አንድ ትልቅ ብረት ድስት ጎድሏል። ድስቱን መጨረሻ ላይ ፈርሞ የወሰደው ሰው፣ ፊርማውን አገላብጬ እንዳየሁት፣ የቦርድ አባሉ ነው።