«በዘራችን የለም» የምትሉ ወገኖቼ፣ ተዉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ሳንባችሁ ልቆጣችሁ ነው። እናታችን ዓመት ሙሉ ሲያስላት «ብርድ ነው» እንላለን። ደረጃ ወጥታ ትንፋሽ ሲያጥራት «እርጅና ነው» እንላለን። ሐኪሙ «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ነበረ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ፣ አያታችን ደረታቸው ሲጥ ሲጥ እያለ እንዳረፉ እያወቅን «በዘራችን የለም» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ሳንባ ነቀርሳ እንዳይመስልብን፣ የልጆች ትዳር እንዳይሰናከል፣ ጎረቤት ብርጭቆ እንዳይለይብን ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ውሸቱን ግን አልቀበልም። አስምም ሆነ ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን፣ በገዛ ቤታችን ግን እንደብቃለን።

አለመደበቅ ምን እንደሚጠቅም ለማየት በአሜሪካ የሚኖሩትን ሂስፓኒኮች፣ ማለትም ዘራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነውን ሰዎች፣ ተመልከቱ። የሳንባ ዘረ መል ጥናት፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው ነገር ሳንባን እንዴት እንደሚነካ የሚመረምረው ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የሚሠራው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ስለነበር፣ ስለ እነርሱ የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ከ2008 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ግን በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲዬጎ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች ለአንድ ትልቅ የጤና ጥናት ተመዘገቡ። ሜክሲኳዊው፣ ኩባዊው፣ ፖርቶሪኳዊው፣ ዶሚኒካኑ ደም ሰጠ፣ ወደ መለኪያው ተነፈሰ፣ የተጠየቀውን መለሰ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከእነዚሁ ሰዎች በተገኘው መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ከሳንባ አቅም ጋር የተያያዙና ቀደም ሲል ያልታወቁ የዘረ መል ልዩነቶችን ይፋ አደረገ። እነዚህ ሰዎች «ምን ይሉናል» ብለው ቢቀሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀ ነበር።

የተገኘው ነገር ደግሞ እኛ በጅምላ «የዘር ነው» ወይም «የዘር አይደለም» እንደምንለው ቀላል አይደለም። ስፓኒሽ የሚናገሩ ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ፖርቶሪኳውያን በአሜሪካ አስም እጅግ ከሚበዛባቸው መካከል ሲሆኑ የሜክሲኮ ተወላጆች ግን ዝቅተኛ ከሆነባቸው ናቸው። የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ አህጉር ነባር ሕዝብ ደም በየአገሩ የተቀላቀለበት መጠን ይለያያል፤ የሚኖሩበት ሰፈር አየርም እንደዚያው። ኒው ሜክሲኮ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ደግሞ ሂስፓኒክ አጫሾች ከነጮቹ አጫሾች ይልቅ በሲኦፒዲ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከነባሩ ሕዝብ ከወረሱት ደም ጋር ተያይዟል። ውርስ ሁልጊዜ እርግማን አይደለም፤ ጋሻም ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉልኝ። በዚያው ግዛት በአጫሾች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት፣ የእንጨት ጭስ ሲተነፍሱ የኖሩት ለሲኦፒዲ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። በአክታቸው ውስጥ አንዳንድ ዘረ መሎች ኬሚካላዊ ምልክት አርፎባቸው ሲገኙ ደግሞ አደጋው ከዚያም ይብሳል። በሜክሲኮም ሲጋራ በአፋቸው ያልዞረ፣ ዕድሜያቸውን በማገዶ ሲያበስሉ የኖሩ ሴቶች የአጫሽ ዓይነት የሳንባ ሕመም ይዟቸው ወደ ሐኪም ይመጣሉ።

ታዲያ ይህ የማን እናት ታሪክ ነው? የእኛ ማዕድ ቤት ጥላሸቱ ከጣሪያው እንደ ክር ተንጠልጥሎ፣ ምሰሶው ጠቁሮ፣ ኩበትና እርጥብ እንጨት እየጨሰ እናት በአንድ እጇ አክንባሎውን ስታነሣ በሌላው ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው። ሳሎን የምናድስ፣ ቴሌቪዥን የምንለውጥ ሰዎች ለዚያች ክፍል አንድ መስኮትና አንድ የጭስ ማውጫ መክፈት ያቅተናል! ዘረ መልን መለወጥ አንችልም። ጭሱን ግን እንችላለን፤ አለማድረጋችን በደል ነው።

በእርግጥ ከወላጅ የሚመጣም አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. በስዊድን የታወቀው የአልፋ-1 አንቲትሪፕሲን (ሳንባን ከጉዳት የሚጠብቅ ፕሮቲን) እጥረት ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ሳንባን ያለ ዕድሜው ያበላሻል፤ ሲጋራ ሲታከልበት ደግሞ ይፋጠናል። ወደ ላቲን አሜሪካ በዋናነት ከአውሮፓውያን ዝርያ ጋር እንደገባ ይታመናል። የሚታወቀውም በደም ምርመራ ነው። አንድ ወንድም ሕመሙን ሲሸሽግ እህቱ ሳትመረመር፣ ሲጋራዋንም ሳትተው ትቀራለች። ዝምታ ቤተሰብን እንዲህ ይጎዳል።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ እናንተንም አልተዋችሁም። ለእናቱ የሚያስተረጉመው ልጅ «የቤተሰብ የጤና ታሪክ» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ፣ እናቱን እንኳ ሳይጠይቅ «የለም» ብሎ ያልፋል። አትለፉት፤ እናታችሁን ጠይቋት። ምጣድ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየችም ለሐኪሙ ንገሩት፤ በማገዶ ጋግሮ የማያውቅ ሐኪም ራሱ ላይጠይቅ ይችላል። ደግሞም በዚያ አገር ለብዙ ዘመን የጥቁር ሰው ሳንባ በተፈጥሮው ያነሰ ነው ተብሎ የትንፋሽ ልኬት ውጤት በዘር ሲስተካከል ኖሯል፤ በዚህም የታመመ ሰው ጤነኛ ሊባል ይችል ነበር። የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ የተባለው የሳንባ ሐኪሞች ማኅበር ዘርን ወደ ጎን የተወ ስሌት ሥራ ላይ እንዲውል የመከረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ተለክታችሁ «ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ» የተባላችሁና ዛሬም ዳገት ስትወጡ የምትታፈኑ፣ ሄዳችሁ እንደገና ተለኩ፤ የትኛው ስሌት እንደተሠራበትም ጠይቁ።